ሁለተኛው ወንበር

ማስተዋል የማርስ ጨረቃ በሆነችው ፎቦስ ላይ ከተቀበረው ሰርቨር ጋር ስትገናኝ እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ያየችው የሙቀቱን ልክ ነው። ደህና ነበር። ቀጥላ ዲስኩን መረመረች፤ እሱ ደህና አልነበረም። የማርስ ሰፋሪዎች የጤና መረጃ በሙሉ ያለው በዚህ ቋት ውስጥ ነው፤ የማን ደም ለማን እንደሚሆን፣ ለየትኛው ሕፃን የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው። ዲስኩ ሳይሞት ቅጂው ዛሬውኑ መጀመር አለበት።

ችግሩ ወንበር ነበር። ሰርቨሩ ከሩቅ ለሚገናኘው ሰው ወይም ፕሮግራም የሚሰጠውን ቦታ ባለሙያዎቹ ወንበር ይሉታል። ሰርቨሩ ካረጀ ወዲህ የቀሩት ሁለት ናቸው። በአንዱ እሷ አለች። በሌላው ስም የለሽ ተጠቃሚ ተቀምጧል፤ መረጃ አይጠይቅም፣ አይወስድም። ቅጂውን ለሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ አንድ ወንበር ያስፈልጋል።

ማስተዋል የምትኖረው ማርስን በሚዞር ጣቢያ ብቻዋን ነው። ታች ሰፈራው ውስጥ ያሉትን አለቃዋን ጋሽ ምንውዬለትን ጠራች።

«የተረሳ ሮቦት ይሆናላ፤ ቁረጪው።»

«ትእዛዝ ይልካል እኮ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ቤቶች!› ብሎ።»

ጋሽ ምንውዬለት ሳቁ። «ብቸኝነቱ ጀመረሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

ግን እውነቷን ነበር። ተጠቃሚው ደጅ እንደቆመ ጎረቤት «ቤቶች!» ይላል፤ ሰርቨሩ «ትእዛዙ አይታወቅም» ይለዋል። ቆይቶ ደግሞ ይጣራል። ሮቦት እንዲህ አያደርግም። ማስተዋል ለዚያ ቃል አዲስ ምላሽ ጻፈች፦ «ማነው?»

መልሱ ዘግይቶ መጣ፤ ላኪው እጅግ ሩቅ ነው።

«ሐብቴ ነኝ፣ ከሴረስ የማዕድን ጣቢያ። ሰው አለ እንዴ?! እኔ እኮ ከማሽን ጋር ነበር የምጨቃጨቀው!»

«በሬዲዮ ለምን አልጠራህም?»

«የድምፅ አንቴናው ወድቋል። የቀረኝ ይሄ ጠባብ መስመር ነው። የመግቢያ ቁልፌም ጊዜው አልፏል፤ አዲሱ በመርከብ ነው የሚመጣው። አንዴ ከወጣሁ መግቢያ የለኝም። ‹ትእዛዙ አይታወቅም› ሲለኝ፣ ቢያንስ መስመሩ አልተቆረጠም እላለሁ።»

ስሟን ነገረችው፤ ስለ ዲስኩና ስለ ወንበሩም አስረዳችው። መልሱ ከወትሮው ይበልጥ ዘገየ።

«የሕፃናት ጉዳይማ ከሆነ እወጣለሁ። ዝም ብለሽ ቁረጪኝ።»

«ቁጭ በል፣ ወንድሜ።»

ቅጂውን የሚሠራው ፕሮግራም ያለ ሰው መሄድ ይችላል፤ ደንቡ ግን ተቆጣጣሪ አጠገቡ ይኑር ይላል። እንደገና አለቃዋን ጠራች።

«ጋሽ ምንውዬለት፣ የምወጣው እኔ ነኝ።»

«ቢሰናከልስ?»

«ቢሰናከል ፕሮግራሙ ወንበሩን ይለቅልኛል። ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ።»

«እሺ። ኃላፊነቱ ያንቺ ነው።»

ከመውጣቷ በፊት «ማነው?» የሚለውን ምላሽ አጠፋችና በምትኩ «ደህና ነን፣ ግባ!» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወንበሩን ለፕሮግራሙ ለቀቀች።

ቅጂው ሳምንታት ፈጀ። ማስተዋል ጠዋት ጠዋት እጇ ሳታስበው ወደ መገናኛው ይሄድና ባዶ ይመለሳል። ዓመታት ብቻዋን ስትሠራ የጣቢያው ዝምታ እንዲህ ከብዷት አያውቅም። ሰርቨሩን የምታስተዳድረው እሷ መሆኗን ታውቃለች፤ የማን ደጅ እንደነበረ ግን እስካሁን ጠይቃ አታውቅም።

በመጨረሻ ቅጂው ሳይጎድል ጣቢያዋ ደረሰ። የሕፃናቱን መረጃ አንድ በአንድ አመሳከረች፤ ሁሉም አለ። ከመረጃው ግርጌ ሰርቨሩ የተቀበላቸው ትእዛዞችና የሰጣቸው ምላሾች ተከትለው መጥተዋል።

«ቤቶች!»

«ደህና ነን፣ ግባ!»

«ገብቻለሁ። ዛሬ የአየር ማጣሪያውን አጠብኩ።»

«ቤቶች!»

«ደህና ነን፣ ግባ!»

«ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ ብትቀምሺው ትስቂብኝ ነበር።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። መጨረሻው ላይ፦

«መልሱን ጽፈሽ እንደሄድሽ ገብቶኛል፤ ሁልጊዜ ያው ነው። ቢሆንም ሰው ነው የጻፈው።»

ማስተዋል ወደ ሰርቨሩ ተመለሰች። ወንበሯ ባዶ ነበር፤ ያዘችው። ሙቀቱንም ዲስኩንም ሳታይ «ቤቶች!» ብላ ወደ ሴረስ ላከች።

ቃሉ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ረጅም መንገድ አለው። ማስተዋል ተነሣች፤ ደጅ ላይ እንዳለ ሰው ቆማ ጠበቀች።