ጣሪያ ላይ የቀረችው ቀይ ዶሮ

ጋሽ ዘገዬ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ደም ረግቶ ተገኘ። መሰላሉ ከጎኑ ወድቋል። ከበላዩ፣ የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ጫፍ ላይ፣ ቀይዋ ዶሮ ወዲህ ወዲያ እያለች ትንጫጫለች። ምክትል ኢንስፔክተር ሸፊቃ እስክትደርስ ድረስ ለዶሮዋ ጆሮ የሰጣት አልነበረም። ከምሳ በኋላ፣ ድሬ በሩን ገርበብ አድርጎ ጫቱን ሊቅም በርጫው ላይ ሲቀመጥ የተጠራ ፖሊስ ፊቱ አይፈታም፤ ሸፊቃማ በደህናውም ቀን ፈገግታ የምትቆጥብ ሴት ናት።

ግቢው ውስጥ ለቅሶው ከስድብ ጋር ተደባልቋል።

«ባሌን የገደለችው ይቺ ናት» አለች የሟች ሚስት ዘነበች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች ጣቷን ቀስራ። «ማድ ቤቱ ከግንቧ ጋር የተጣበቀ ነው። በርሜል ላይ ወጥታ መሰላሉን ገፋችው።»

ጣቱ የተቀሰረው ከግንቡ ማዶ በምትኖረው ሳምቡሳ ሻጭ፣ በኒምኮ ላይ ነበር። «ሐዘንተኛ ነሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ» አለች ኒምኮ። «ዝምታዬን ግን አትልመጂው።»

«ሰማችኋት? በሬሳው ፊት እንኳ ምላሷ አያርፍም።»

ጠቡ የክንፍ ነበር። ዘነበች አራት ዶሮዎች አሏት፤ አራቱም ግንቡን እየዘለሉ ኒምኮ በትሪ ላይ የዘረጋችውን የሳምቡሳ ሊጥ ይረግጣሉ። ባለፈው እሑድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ክንፋቸው ይቆረጥ አይቆረጥ እያለ ተነታረከ። ዘነበች፣ «ሽለምጥማጥ ሲመጣባት በምን ታምልጥ፣ በባጃጅ?» ብላ አሻፈረኝ አለች። አይቆረጥም ተባለ። ኒምኮ እየወጣች፣ «እንግዲያው አንድ ቀን ከዚህ ግንብ የሚወድቀው ዶሮ ብቻ አይሆንም» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ያንን ቃል የረሳ አልተገኘም። የፖሊስ መኪና በር ላይ ቆሟል፤ ኒምኮ ከተወሰደች ልጆቿን ማን እንደሚያበላቸው ግን የጠየቀ የለም።

ሸፊቃ ከዘነበች ጀመረች። «ስትወጪ ዶሮዎቹ የት ነበሩ?»

«መሬት ላይ፣ እንደ ዶሮ። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር። ሰው አጽናንቼ ስመለስ የራሴ ለቅሶ ጠበቀኝ።»

ቀጥሎ የግቢውን ተከራይ፣ ባጃጅ ነጂውን ሂርሲን ጠራች። በርጫውን አቋርጦ ስለመጣ አንድ ጉንጩ እንዳበጠ ነበር።

«ዶሮዎቹን ትጠላቸዋለህ አሉ።»

«አቦ፣ ሸራዬ ላይ ወጥታ የምታራብኝን ዶሮ ልሳማት? ቀይዋ ናት እንጂ ሌሎቹ ከኔ ባጃጅ የኒምኮን ሊጥ ይመርጣሉ። ግን ወላሂ ከሰሞኑ አንድ ቀንም አልወጣችብኝም። ዱዓዬ ደረሰ ብዬ ነበር።»

«ሌሎቹስ?»

«ያው ናቸው፤ ግንቡን ሲዘሉ ይውላሉ። የታረመችው እሷ ብቻ ናት።»

ሦስተኛው የሟች የወንድም ልጅ ኒቆዲሞስ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ የገባ፣ ነጭ ሸሚዙን እስከ እጁ አንጓ የቆለፈ ጎልማሳ። «እርስዎ እንደሚያዩት…» ብሎ ሲጀምር ሸፊቃ ማንን አንቱ እንዳለ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው ብዙ የለም።

«እኔ ማንንም አልከስም» አለ። «በመስኮት ያየሁትን ነው የምናገር። ቀይዋ ከመሬት ተነስታ በረር ብላ ጣሪያው ላይ ወጣች። አጎቴ ሊያወርዳት መሰላል አቆመ። ከዚያ መሰላሉ ወደ ኋላ ሄደ። በራሱ የሄደ ግን አይመስለኝም።»

«የእሑዱ ስብሰባ ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ። አይቆረጥም ሲባል ሰምቼ ነው በማግስቱ የሄድኩት።»

«አሁን ምን አመጣህ?»

«አጎቴ ግቢውን እንዲሸጥ ልመክረው።»

«ሙቀቱ አልከበደህም?» አለች ሸሚዙን እያየች።

«ለምጄዋለሁ» አለ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

ሸፊቃ ከማድ ቤቱ እፍኝ ማሽላ አምጥታ መሬት ላይ በተነች። ሦስቱ ዶሮዎች እየተራገጡ መጡ። ቀይዋ ጣሪያው ጫፍ ድረስ መጣች፣ ወደ ታች አየች፣ አንገቷን አሰገገች፣ ተመለሰች። ሸፊቃ ግንቡን ዞራ ወደ ኒምኮ ቤት ገባች።

«የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ሊጥ እየዳመጥኩ።»

«ማን አየሽ?»

«ሊጡ።»

«ኒምኮ፣ መኪናው የሚጠብቀው አንቺን ነው። የምትደብቂው ነገር ካለ ሰዓቱ አሁን ነው።»

ኒምኮ መዳመጫውን አስቀመጠች። «ለዘነበች እንዳልናገር ቃል ያስገባኝ ሰው ሞቷል። አሁን ብናገርስ እዚህ ሰፈር ማን ያምነኛል?»

«ዶሮዋ ከመሰከረችልሽ እኔ አምንሻለሁ» አለች ሸፊቃ። ኒምኮ ከምድጃው ጀርባ አንድ የዘይት ጣሳ አወጣች።

ሸፊቃ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አብሯት የመጣው ፖሊስ ቀይዋን ከጣሪያው አወረዳት። ሸፊቃ ዶሮዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ኒቆዲሞስ ዞረች። «አስደንግጣት።»

«ምን?»

«በረር ብላ ወጣች አላልክም? እስቲ ትድገመው።»

ኒቆዲሞስ ሳይወድ እግሩን መታ። ዶሮዋ ዘለለች፤ ከጉልበት ሳታልፍ ወደ አንድ ጎን ተጋደመችና አቧራው ላይ ተንከባለለች። ሂርሲ ሳቁ መጥቶበት ሬሳው ትዝ ሲለው ዋጠው።

ሸፊቃ ዶሮዋን አንስታ አንዱን ክንፍ ዘረጋች። ረጃጅሞቹ ላባዎች በመቀስ ተከርክመዋል። «ክንፏን ስታጥፍ ከላይ ያሉት ላባዎች ይሸፍኑታል» አለች። «የሚቆረጠውም አንዱ ብቻ ነው፤ ሚዛን እንድታጣ። ለዚህ ነው ማናችሁም ያላያችሁት።»

ዘነበች ወደ ኒምኮ ተንደረደረች። «ዶሮዬንም ነካሻት?»

«የቆረጣት ባልሽ ነው» አለች ሸፊቃ ከመሃል ገብታ፤ ጣሳውን ከፍታ ቀያዮቹን ላባዎች አሳየቻት። «ኒምኮ እግሯን ያዘችለት። ሽታው አንቺ ጋ እንዳይደርስ ላባውን አታቃጥዪ አላት። እውነት መሆኑን ሂርሲ ሳያውቀው ነግሮኛል፤ ቀይዋ ከሰሞኑ ሸራው ላይ አልወጣችም። ባልሽ መብረር እንደማትችል ያውቅ ነበር። ኒምኮም ታውቃለች። ታዲያ ስትበር ያያት ማን ነው? እሑድ አይቆረጥም ሲባል ሰምቶ የሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተደረገ ያልነገሩት ሰው።»

ሁሉም ወደ ኒቆዲሞስ ዞረ።

«ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» አለ። «ከሩቅ ነው ያየሁት።»

«ጣሪያው ላይ በራ የወጣች ዶሮ እህል ስታይ በራ ትወርዳለች። ይቺ መውረድ ካቃታት፣ ወርውሮ ያወጣት ሰው አለ ማለት ነው። ዶሮ ደግሞ ስትወረወር እጅህን ሳትቧጥጥ አትሄድም። እጅጌህን ሰብስብ።»

አልሰበሰበም። ሂርሲ፣ «ዋሪያ፣ በዚህ ሙቀት እኔ ሽርጤም ከብዶኛል፤ አንተ ምን ሸፍነህ ነው?» አለና ክንዱን ይዞ ቁልፉን ፈታው። ከአንጓው እስከ ክርኑ ሦስት ትኩስ ጭረቶች ወርደዋል።

ኒቆዲሞስ ወደ ድንጋዩ አየ። «ግቢው አይሸጥም አለኝ። ደረቱን ነው የገፋሁት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ድንጋዩን አላየሁትም።»

«መሰላሉን ከጎኑ ያጋደምከው፣ ዶሮዋንም የወረወርከው ኒምኮ እንድትያዝልህ አይደለም?» አለች ሸፊቃ። በሩ ላይ የቆመው መኪና ያልታሰበውን ሰው ይዞ ሄደ።

ዘነበች ቀይዋን ታቅፋ የተቆረጠውን ክንፍ ስትዳብስ ቆየች። «ስትቆርጧት ጮኸች?» አለች ኒምኮን ሳታያት።

«አልጮኸችም። እንደ ሕፃን ሲያባብላት ነበር። ሙከራ ናት፤ ዘነበች ካላወቀችብን የቀሩትን እንቀጥላለን ብሎኝ ነበር።»

«አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ በዶሮ ሸወደኝ።» ዘነበች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ኒምኮም አልጠበቀችም።

ከቀብር በኋላ፣ ድንኳኑ በፈረሰ ቀን፣ የዘነበች ድምፅ ግንቡን ተሻግሮ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ መቀስሽን ይዘሽ ነይ። የቀሩትን እኔ እይዛቸዋለሁ።»