ከቀብር በኋላ ሰርግ

ዲበኩሉ የሞተው አፉን ከፍቶ ነው። መቱ ከተማ ውስጥ ያ አፍ ተዘግቶ ያየ ሰው አልነበረም፤ ሞትም አልዘጋውም።

የድሮው ቡና መጋዘን ዛሬ የጭምዴሳ ፊልም ቤት ነው። ሬሳው ከሸራው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከአግዳሚው ወንበር ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። አጠገቡ የጄኔሬተሩ ማንቬላ ወድቋል፤ ያ እንደ ክንድ የታጠፈው የማስነሻ ብረት።

ኢንስፔክተር ዲሪቤ ተንበርክካ አየችው። የዳሪሙ ወረዳ ልጅ ናት። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ያደገ ሰው መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚሄደው፤ እሷም ያንን ዓመሏን ከተማ ገብታ አልተወችውም። የደሙ ጠርዝ ደርቋል። አግዳሚው ላይ ኮቱ እንደ ትራስ ተጣጥፏል። የጓሮው በር መቀርቀሪያ ተከፍቷል፤ ውጭ ጭቃው ላይ አዲስ የቡና ገለባ ተነስንሷል።

«አይድከሙ ኢንስፔክተር፣ ገዳይዋ ተይዛለች» አለ ሳጅን ኦሊ። ዲሪቤ በማዕረግ ከቀደመችው ወዲህ አንድ ነገር እንኳ ቀድሟት ለማወቅ የሚቃጠል ሰው ነው።

«ማን ናት?»

«ሚስቱ ሳያት። ልክ ፊልሙ ሲያልቅ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስትገባ አዳራሹ በሙሉ አይቷታል። ወዲያው እየጮኸች ወጣች። ቅናት ነው። ባለፈው ሳምንት ሴቶች ይደውሉልሃል ብላ ስልኩን ሰው ፊት ድንጋይ ላይ ፈጥፍጣበታለች።»

«አስራ አንድ ላይ መሞቱን በምን አወቅህ?»

«እናቷ ነገሩኝ። ከፊት ተቀምጠው ነበር። ፊልሙ ውስጥ የቀብሩ ለቅሶ ሲቀልጥ ከሸራው ጀርባ አንድ ነገር ዷ ሲል ሰምተዋል። ፊልሙን ከባለቤቴ ጋር ጅማ አይቼዋለሁ፤ ለቅሶው መጨረሻው ላይ ነው። ፊልሙ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አስራ አንድ ላይ አለቀ። በቃ፣ ይኸው ነው!»

«እናት በልጇ ላይ መሰከረች በለኛ።»

«ሳያውቁ» አለ ኦሊ፤ ደስ ብሎታል።

ለማያውቅ ሰው ዲበኩሉ ማን ነበር? ፊልም ባለቀ ቁጥር ከሸራው ፊት ይቆምና አስተያየቱን ይሰጣል። ቀጠን ያለች፣ መራራ፣ የምታስቅ አስተያየት። «ይታያል» ያለው ፊልም ሳምንት ሙሉ አዳራሹን ይሞላዋል፤ «አይታይም» ያለውን ውሻም አያየው። ወሬው ከመቱ አልፎ ጎሬ ደርሷል፤ ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች ይደውሉለት ጀምረዋል። ከእሱ በፊት ያ ቦታ አስራ ሁለት ዓመት የመምህር መክብብ ነበር። መምህሩ በማስታወሻ ደብተር እያነበበ ይናገራል፤ ሕዝቡ እያዛጋ ያዳምጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ዲበኩሉ ሲመጣ ማዛጋቱ ቀረ፤ መምህሩም ቀረ።

አዳራሹ ውስጥ ሳያት በካቴና ተይዛ ከግድግዳው ሥር ቆማለች። እናቷ እትዬ ሮማነወርቅ ከፊተኛው ወንበር አልነሳም ብለዋል።

«ልጄን ካልፈታችሁ እዚሁ እሞታለሁ! ሁለተኛ ሬሳ ትሸከማላችሁ!»

ዲሪቤ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እትዬ ሮማነወርቅ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?»

«ሰው ሞቶ ስለ ፊልም ትጠይቂያለሽ?»

«እኔ ፊልም አላይም። ያየ ሰው ይንገረኝ ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ስሚ። ቅራሪ ነው። ልጅቱን ቀበሯት፤ ኋላ ደግሞ ኩለው ሞሽረው አስጨፈሯት። ከመቃብር የተነሳች ሙሽራ የት አገር አለች? አልቃሾቹ ጥፍራቸውን ቀይ ተቀብተው ደረት ይመታሉ። ደሃ ነኝ የምትለዋ ልጅ ብቅ ባለች ቁጥር አዲስ ጫማ! ባለፈው ያሳዩን የሽፍታው ፊልም ይሻል ነበር፤ እዚያ ውስጥ ቢያንስ ፈረሱ ሥራውን ያውቃል።»

«አርጅተዋል፤ ቀላቅለውት ነው» ብሎ ኦሊ ወደ ዲሪቤ ጆሮ ተጠጋ።

«ያረጀ አባትህ ነው! ጆሮዬን አሞኛል ያለህ ማን ነው?»

ዲሪቤ ፈገግታዋን ዋጠች። ከኋላ የነበረችውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዬሮሳንን ጠራቻት። «አንቺስ፣ እንዴት አየሽው?»

«በጣም ዘመናዊ ነው። ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። አሁን ጥሩ ፊልም እንደዚያ ነው። ላልገባው ሰው ይከብዳል» አለች፣ አሮጊቷን በጎን እያየች።

«አንቺስ ገባሽ?»

ዬሮሳን አቀረቀረች። «ሰው ሁሉ ዝም ሲል… እኔም ዝም አልኩ።»

ጭምዴሳ በአዳራሹ መሐል፣ ከማጫወቻው አጠገብ እጁን እያሸ ቆሟል። ከማሽኑ ላይ የተሰካው ፍላሽ አልተነቀለም። ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ «1» ተጽፏል። ዲሪቤ አየችውና እንዳላየች ሆነች።

«ከዚህ ተነስተህ ነበር?»

«ኧረ ማሎ፣ እባክሽ! አንዴም። አስር ሰዓት ላይ ፍላሽ ስቀይር ብቻ ቆሜአለሁ፤ እሱንም መብራት ስላበራሁ ሁሉም አይቶኛል። ፊልሙ በሁለት ፍላሽ ነው የመጣው።»

«ሰርጉና ለቅሶው፣ የትኛው ይቀድማል?»

ጭምዴሳ የማሽኑን ገመድ ነካካ። «ያው… ሰርጉ ነዋ።»

«ለሳያት ሽማግሌ ልከህ ነበር ይባላል።»

«ልኬአለሁ፤ ዲበኩሉን መረጠች። እየቀናሁ ነው የኖርኩት፣ አልዋሽሽም። ቀንቼ ብገድል ግን በሰርጋቸው ቀን ነበር የምገድለው። ያኔ ነበር የነደደኝ።»

«ጓሮ ገለባውን መቼ ነሰነስከው?»

«ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። ዝናቡ ጭቃ አደረገብኝ።»

ዲሪቤ ወደ ሳያት ሄደች። «እስከ ስንት ሰዓት ገበያ ነበርሽ?»

«እስከ አስራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣ ስፌት ማሽኔ ላይ።»

«ያንንስ አጣርቻለሁ፤ ሦስት ደንበኞች አሏት» አለ ኦሊ። «የገደለችው ግን ከዚያ በኋላ ነው።»

«ወደ ባልሽ ለምን ገባሽ?»

ሳያት ወደ እናቷ አየች። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በጣም በትንሹ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። «ባሌ አይደል?» አለች ሳያት።

«ባልሽ አስተያየት ሊሰጥበት ያለውን ፊልም ትቶ ለምን ጓዳ ተኛ?»

ሳያት በታሰረ እጇ እንባዋን ጠረገች።

መምህር መክብብ የመጣው ከእድር ስብሰባ ነው። ከሟቹ ጋር እንደማይነጋገር ከተማው ስለሚያውቅ ዲሪቤ አንድ ፖሊስ ልካ አስጠርታዋለች፤ በመንገድም ማንም እንዳያናግረው አዝዛለች። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ እግሩን አጣምሮ የሚቀመጥ ሰው ነው።

«ያሳዝናል» አለ። «እኔ ከአስር ሰዓት ተኩል ጀምሮ የእድሩን ቃለ ጉባኤ ስይዝ ነበር። አርባ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቤቴ። ከእድሩ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነን፤ በጓሮ በር ገባሁ።»

«ፊልሙን ታዲያ አላዩትማ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመክብብ እንደ ጥፊ ነው። «ምነው ኢንስፔክተር! ካየሁት ሁለት ሳምንቴ፣ ያውም ጅማ ድረስ ሄጄ። እንደ አንዳንዱ ጭምዴሳ እስኪያሳየኝ የምጠብቅ መሰልኩሽ?»

«እንዴት ነበር?»

ይህን ጊዜ ሰውዬው ተለወጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀችው። ድምፁን ጠረገ፤ ጣቱን አነሳ።

«ደካማ ነው። ገና ከመነሻው ሙሽራዋን አሳምሞ፣ ገድሎ፣ ቀብሮ ያስለቅሳል። ተመልካች ላላወቃት ልጅ ለምን ያለቅሳል? ከኋላ መጀመር ብልሃት መስሏቸዋል። ሐዘን በመተዋወቅ ነው የሚገኘው።»

«እውነትዎን ነው። አጨራረሱስ?»

መክብብ ጢሙን ዳሰሰ። «ፊልም የሚያውቅ ሰው መጨረሻ አይናገርም።»

ዲሪቤ እንደ ልማዷ ወደ መሬት እያየች ነበር። የሱሪው እጥፋት ውስጥ ሦስት አራት ፍሬ ገለባ ተሰክቷል።

«ሁላችሁም ተቀመጡ» አለች፤ ከሸራው ፊት፣ ዲበኩሉ በሚቆምበት ቦታ ቆመች።

«ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እትዬ ሮማነወርቅ ሰውየው ሲመታ ለቅሶ ይሰማ ነበር አሉ። ሳጅን ኦሊ ለቅሶው መጨረሻው ላይ ነው አለ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ሳያትን ያሰራት የሁለቱ እውነት መጋባት ነው። ኦሊ፣ ጅማ ያየኸው ፊልም በምን ይጀምራል?»

«በጥምቀት ጭፈራ፤ እዚያ ነው የሚተያዩት። ከዚያ ሰርጉ፣ ከዚያ ሕመሙ፣ ቀብሩ።»

«ዛሬ እዚህ የታየው ግን በቀብር ተጀምሮ በሰርግ አለቀ። እትዬ ሮማነወርቅ ነገሩን፤ አርጅተዋል አልናቸው። ወጣቶቹም አይተውታል፤ ግን አልገባንም ማለት አፈሩና ዘመናዊ ነው አሉ። ጭምዴሳ፣ መጨረሻ ላይ ያጫወትከው ፍላሽ አሁንም ማሽኑ ላይ ነው። ቁጥሩን አንብብልን።»

ጭምዴሳ ፍላሹን ነቀለ። «አንድ ነው። ስቸኩል ሁለተኛውን አስቀደምኩት። መሳሳቴ የገባኝ አስር ሰዓት ላይ ነው። ዲበኩሉ ቢያውቅ ሕዝብ ፊት ያዋርደኝ ነበር፤ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ ሃዳ ኮ፣ እናቴ» ብሎ ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለ።

«እንግዲህ ለቅሶው የተሰማው አስራ አንድ ላይ ሳይሆን ወደ አስር ሰዓት ገደማ ነው። የደረቀው ደምም ይህንኑ ይናገራል። በዚያ ሰዓት ሳያት ገበያ ስትሰፋ ነበር። ጭምዴሳ እዚሁ፣ ሁሉም ፊት። አስር ሰዓት ላይ ምስክር የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአስር ተኩል አርባ ምስክር ያለው ሰው።»

አዳራሹ ወደ መክብብ ዞረ።

«እኔ ጅማ ነው ያየሁት ብያለሁ!»

«ጅማ ያየ ሰው ፊልሙ በጥምቀት ሲጀምር ነው የሚያየው። ሙሽራዋን ከመነሻው የቀበራት የጭምዴሳ ስህተት ነው፤ እሱም ከዛሬ በፊት፣ ከዚህ ቤት ውጭ፣ የትም አልታየም። እርስዎ ጨለማው ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ለቅሶው ሲደምቅ ወደ ሸራው ጀርባ ገቡ፤ በማንቬላው መቱት፤ በጓሮ በር፣ በገለባው ላይ ወጡ። ገለባው ሱሪዎ ላይ አለ። መጨረሻውን ያልነገሩኝም ስላላዩት ነው።»

«ሰው ነግሮኝ ቢሆንስ?»

«ሰው ቢነግርዎ ኖሮ ሰው ነገረኝ ይሉ ነበር። ዲበኩሉ ከእኔ በፊት አየው መባልን ስላልቻሉ ጅማን ጠሩ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይህ ነው። መክብብ ያጣመረውን እግሩን ፈትቶ አወረደ።

«ላናግረው ነበር የገባሁት» አለ። «ምን እንደሚል ልሰማ። ተኝቶ አገኘሁት! ፊልሙን ሳያይ፣ እያንኮራፋ! ሲያልቅ ተነስቶ ሁለት ቃል ሊወረውር፣ ከተማው ሊያጨበጭብለት! አስራ ሁለት ዓመት እያየሁ፣ እየጻፍኩ… ስድስተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው ያንን አፍ ከየት አመጣው?»

ዲሪቤ ወደ ፊተኛው ወንበር ተመለከተች። «ሳያት ለምን እንደገባች ገምቻለሁ። እትዬ ካልፈቀዱ ግን ከእኔ አይወጣም።»

አሮጊቷ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ከእኔ ነው ያመጣው» አሉ።

ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተንጠራርቶ አያቸው።

«እኔ ከፊት ሆኜ አያለሁ። ሲያልቅ ሳያት ትመጣለች፣ ጆሮዋ ላይ እነግራታለሁ፣ ታደርስለታለች፤ እሱ ይናገራል። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ማን ይሰማል ብለን ነው። እሱ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ፊልም እንቅልፉን ያመጣበት ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።» ወደ መክብብ ዞሩ። «እኔም ቀንቼበታለሁ፣ መምህር። በራሴ ቃል ሲጨበጨብለት እዚህ እጄን አጣምሬ ነበር የምቀመጠው። አንጀቴ እያረረ ቤት ሄጄ ራቱን አቀርብለታለሁ። ብረት ግን አላነሳሁም። አንተ የገደልከው ተሸካሚውን ነው። ቃሉ ይኸው፣ በሁለት እግሩ ቆሟል።»

መክብብ ኮቱን ቆለፈና ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

ኦሊ ካቴናውን ከሳያት እጅ ሲፈታ ቀና ብሎ አላያትም። መምህሩን ይዘው ሲወጡ፣ ከኋላ አንድ ሰው ልማድ ሆኖበት እጁን ሊያጨበጭብ አንስቶ መልሶ አወረደው።

ሳያት እናቷ ትከሻ ላይ ወደቀች። አሮጊቷ ጀርባዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና ቀና አደረጓት።

«ነይ፣ ባልሽን እንቅበር» አሉ። «የእኛ እንደ ጭምዴሳ ፍላሽ አይደለም፤ ከቀብር በኋላ ሰርግ የለውም።»