ሩሐማና ያልተፈታው ጆንያ

ሩሐማ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው አርባ ምንጭ ነው፤ ሴቻ በሚባለው ሰፈር፣ አፋፉ ላይ። ከደጃቸው ሲቆሙ ሁለቱ ሐይቆች ወለል ብለው ይታያሉ፤ ዓባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ደግሞ ሰማዩን መስሎ። ሩሐማ እነሱን ስታይ ሐሳቧ ጭልጥ ብሎ ይሄዳል። እናቷ ጠርታት ካልሰማች፣ «ልጄ ሐይቁ ላይ ናት» ትላለች።

ልጆች፣ ማለም ጥፋት አይደለም፤ እግዚአብሔር የሰጠን ነው። የሩሐማ ጥፋት ሌላ ነበር።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ጎመንና ቲማቲም ተክለው ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ ነበረው። ሥራውን የሚመሩት ጋሼ ባዘዘው ናቸው፤ ከጎጃም መጥተው ብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። የቆላው ፀሐይ ችግኞቹን እንዳያደርቃቸው ለአፈሩ ጉዝጓዝ እንደሚያስፈልገው ለልጆቹ ነገሯቸው። ጉዝጓዝ ማለት በችግኞቹ ዙሪያ የሚነጠፍ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ነው። አፈሩን ያለብሰዋል፤ እርጥበቱንም ያቆይለታል።

ምዕራብ ዓባያ ላይ ሙዝ የሚያለሙ ጋሽ ካሱ የሚባሉ ሰው ደረቅ የሙዝ ቅጠል ሊሰጡ ቃል ገቡ። ሙዝ የሚጭነው አይሱዙ በዚያው ያደርሰዋል። ነገር ግን መኪናው የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ስንት ጆንያ እንደሚበቃ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

ጋሼ ባዘዘው ሩሐማን ጠሯትና ከግቢው በተጠረገ ቅጠል የተሞላ አንድ ጆንያ ሰጧት። ቅጠሉን አራት ጣት ያህል አወፍራ እንድታነጥፍ፣ ምን ያህል መደብ እንደሸፈነ እንድታይ፣ ከዚያም የቀሩትን መደቦች እንድትቆጥር አሳዩዋት።

ሩሐማ ጆንያውን ጎትታ ሄደች። ቀኑ ሞቃት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብላ በጓሮው ዳር ባለው ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ አለች። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ቀስ ብሎ መጣ። ዐይኗን ገርበብ ስታደርግ አትክልቱ ሁሉ አድጎ ታያት። ቲማቲሞቹ እንደ ጧፍ መብራት ቀልተው ያበራሉ። ቢራቢሮዎች ከጎመን ጎመን ይዘላሉ። ከደጋው ከጨንቻ የሚወርዱ መንገደኞች ቆመው ያደንቃሉ። እንዴት ያምር ነበር! ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ጆንያው እንደታሰረ ነበር።

«ሩሐማ፣ ለካሽው?» የሚል የጋሼ ባዘዘው ድምፅ ሰማች።

ልጆች፣ «አልለካሁም» ለማለት ስንት ቃል ያስፈልጋል? አንድ ብቻ። ሩሐማ ግን አፈረች።

«አዎ ጋሼ፣ ለክቻለሁ። ዐሥር ጆንያ ይበቃል» አለች። ዐሥር ከየት እንደመጣ እሷም አታውቅም።

መኪናው መጣ፤ ዐሥር ጆንያ አራግፎም ሄደ። ልጆቹ እየዘመሩ ማንጠፍ ጀመሩ። ግን የመደቦቹን ግማሽ ሳያልፉ ቅጠሉ አለቀ። ዳር ላይ ያሉት የትንንሾቹ መደቦች ራቁታቸውን ቀሩ። ጋሼ ባዘዘው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ልጅቷን ሲያሳዩ የተሳሳቱት ራሳቸው እንደሚሆኑ ተናገሩ። ሩሐማ ግን መሬት መሬቱን እያየች ባዶ ጆንያዎቹን ማጠፍ ጀመረች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ጓሮው ጎራ አለች። ፀደይ የምትባል ትንሽ ልጅ የእናቷን ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ጃንጥላው ያለው ከጠወለጉት ችግኞች በላይ ነው፤ እሷ ራሷ ፀሐይ ላይ ናት። ፊቷ በላብ ርሷል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለቻት ሩሐማ።

«ጥላ እየሆንኳቸው ነው። ቅጠሉ እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ» አለች ፀደይ።

ሩሐማ ሮጣ ጋሼ ባዘዘው ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። እኔ ሳልለካ ለክቻለሁ ብዬ ዋሸሁ» አለችና አለቀሰች።

ሽማግሌው፣ «መናገሩ ከበደሽ?» አሏት።

«በጣም።»

«በይ ለእግዚአብሔርም ንገሪው። ከዚያ እንሂድና እንለካ።»

ሩሐማ ዐይኖቿን ጨፍና ይቅርታ ለመነች። ከዚያም ከማንጎው ሥር ተረስቶ የቀረውን ያንን የታሰረ ጆንያ ፈትታ ቅጠሉን አነጠፈችው። የሸፈነው አንድ መደብ ብቻ ነበር። የቀሩትን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ከእናቷ ጋር በየጎረቤቱ እየዞረች የወደቀ የማንጎና የሙዝ ቅጠል ለቀመች፤ ለምን እንደሚለቅሙም ለጠየቃት ሁሉ ሳትደብቅ ተናገረች። መጀመሪያ ያለበሰችው የፀደይን መደብ ነው። ሁሉም ችግኝ ግን አልዳነም። በደረቁት ምትክ ከራሷ መደብ ነቅላ ሰጠቻት፤ ይቅርታም ጠየቀቻት። ፀደይ ችግኞቹን ተቀብላ አብረው ተከሏቸው።

በሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሩሐማ ብቻዋን ተንበርክካ እጇን ከቅጠሉ ሥር ሰደደች። ላዩ በፀሐይ ግሏል፤ ውስጡ ያለው አፈር ግን ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ልክ እንደ ማለዳ። አንዲት ጥንዚዛ ጣቷ ላይ ወጣች። ሩሐማ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ይህን አላለመችውም፤ በእጇ ይዛዋለች።

ልጆቼ፣ ያላደረጋችሁትን አድርጌያለሁ አትበሉ፤ ብትሉም ፈጥናችሁ እውነቱን ተናገሩ።