የኤዲት የመጨረሻ ቅዳሜ

ክሊፎርድ ኦርመሮድ የሞተው ዕድሜውን ሙሉ በተንከባከባት ማሽን ፊት ተንበርክኮ ነው። ሁለቱም እጆቹ በኃይል ሳጥኗ ውስጥ እስከ ክርናቸው ገብተዋል፤ ግንባሩ የብረት በሩን ተደግፏል። ኢንስፔክተር ሄስተር ጋርሳይድ ከደጃፉ ስታየው የሚጸልይ መስሏት ባርኔጣዋን አወለቀች። ቀረብ ብላ የተቃጠሉ መዳፎቹን ስታይ ግን መልሳ አጠለቀችው።

ማሽኗ ኤዲት ትባላለች። የሴት ስም ይውጣላት እንጂ ኮምፒውተር ናት፤ ያውም አንድ ግድግዳ ሙሉ የምትይዝ፣ በመስታወት አምፖሎች የምታስብ፣ የዛሬ ስልክ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን ሂሳብ ስታንጎራጉርበት የምትውል አሮጊት። በዮርክሸር ኮረብታዎች ሥር፣ ድሮ ሱፍ ይፈተልበት የነበረው ፋብሪካ ውስጥ ያለው ትንሽ ሙዚየም ተከፍቶ የሚቆየው በእሷ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጡረተኞቹ ሲያስነሷት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያይዋታል፤ በየጋራዣቸው አሮጌ ኮምፒውተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የሚውሉ ሰዎችም ከሩቅ ከተማ ይመጡላታል። ያ ቅዳሜ ግን የመጨረሻዋ እንዲሆን ተወስኖ ነበር።

አስከሬኑን ያገኘው ኢምራን ቃድሪ ነው፤ ብራድፎርድ ተወልዶ ያደገ፣ የቤት ኮምፒውተሮቹን ክፍል የሚጠግን በጎ ፈቃደኛ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ይሄ እንጨት ምንድን ነው?» አለች ሄስተር። በሳጥኑ ውስጥ ባለ ትልቅ የመዳብ ጉጥ ላይ አንድ የእንጨት ዘንግ በነሐስ ቆልማማው ተንጠልጥሏል፤ ቀይ ጥብጣብም ታስሮበታል። ከቆልማማው የወጣ ወፍራም ሽቦ ወርዶ ከማሽኗ የብረት እግር ጋር በቡሎን ተይዟል።

«ማርገፊያችን ነው፣ ኢንስፔክተር። ኤዲት ከጠፋችም በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ሰው የሚገድል ኃይል ይቀራል። በዘንጉ ስንነካው በሽቦው በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ያረገፈው ሰው ዘንጉን እዚያው ሰቅሎ የራሱን ጥብጣብ ያስርበታል። ጥብጣቡን ያየ ሰው እጁን ያለ ሐሳብ መስደድ ይችላል።»

«ካላየሁስ?»

«ካላዩማ አይነኩም። የግድ ከሆነም አንድ እጅዎን ኪስዎ ከተው ነው፤ ኃይሉ በደረትዎ እንዳያልፍ። ክሊፍ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። አንዴ ረስቼ ሁለቱንም ብሰድ በጥፊ ሊለኝ ምንም አልቀረው።»

«ቀዩ ጥብጣብ የማን ነው?»

«የአጎቴ የዊልፍ።»

ሄስተር ቅንድቧን አነሳች።

«የእናቴ ወንድም አይደለም እኮ!» አለ ኢምራን፣ በሐዘኑ መሃል ፈገግታ ሲያመልጠው። «እኛ ቤት በዕድሜ የበለጠን ሁሉ አጎት ነው። ከክሊፍ ጋር ኤዲትን የሚያስነሳት እሱ ነው።»

እሷ ግን ተንበርክካ የሽቦውን ጫፍ እያየች ነበር። ዳዶውን ፈታ ስታደርገው በሽቦውና በማሽኗ እግር መሃል ቡናማ ነገር ተጠቅልሎ አገኘች። በወረንጦ አውጥታ አሳየችው።

«ናስትሮ ነው» አለ ኢምራን። «ይሄ ካለማ ሽቦው ከምንም ጋር አልተገናኘም ማለት ነው።»

«ያንተ ነው?»

«የኔ ፕላስቲክ ነው፣ ጥቁር። ይሄ የድሮው የጥጥ ናስትሮ ነው፣ ቫርኒሽ የጠጣ። አጎቴ ዊልፍ ኤዲት ላይ ፕላስቲክ ካየ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል...» ብሎ ዓይኑን ወደ ቀዩ ጥብጣብ አዞረ።

ብሬንዳ ሆይል፣ የሙዚየሙ ኃላፊ፣ ቢሮዋ ውስጥ መሐረቧን እያሸች ጠበቀቻት። ሰዉ ሁሉ ኤዲትን የገደለቻት እሷ እንደሆነች ነው የሚያወራው፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

«እኔ አይደለሁም የወሰንኩት» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ክሊፍ ነው። አምፖሎቿ አለቁ፤ የሚተካቸው የለም። ‹ተቃጥላ ከማያት መስታወት ውስጥ ለዕይታ ትረፍ› አለ። ዛሬ እንግዶቹ ሲወጡ ዋና ገመዷን ከኃይል ሳጥኗ ሊፈታ ነበር፤ ማንም ተመልሶ እንዳያስነሳት።»

«ዊልፍስ፣ አቶ ታተርሳል፣ ምን አለ?»

«ምንም። እኔም፣ ክሊፍም፣ ኢምራንም ይናደዳል ብለን ፈርተን ነበር፤ እሱ ግን ‹እንዳላችሁ› ብሎ ሻዩን ጠጣ። እኔ እንኳን ያሳዘኑኝ የትምህርት ቤት ልጆቹ ናቸው።»

«ምን ሆኑ?»

«ኤዲት ስትረገፍ እንደ ጥይት ነው የምትጮኸው። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ‹ደህና እደሪ፣ ኤዲት!› ይላል፤ ልማዳችን ነው። ልጆቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሏት በሩ ላይ ተሰልፈው ቢጠብቁ ቢጠብቁ ምንም የለም። አስተማሪያቸው አውቶቡሱ ይሄዳል ብላ ነዳቻቸው። አንዷማ እያለቀሰች ነው የወጣችው። እኔ ደግሞ አዳራሹን አጽድቼ...»

ሄስተር ከዚያ በኋላ ስለ ጽዳቱ የተባለውን አልሰማችም።

ዊልፍን ያገኘችው ቀዝቃዛ ሻይ ፊት ነው። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጆሮው ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ ብቅ ብሏል።

«ያረገፍኳት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለ። «ጮኸች፤ ዘንጉን ሰቀልኩ፤ ጥብጣቤን አሰርኩ። ካፖርቴን ልለብስ ስሄድ አንዱ ተመልሶ አስነስቷት መሆን አለበት።»

«ስትጮህ ሰምተዋል?»

«እንዴት አልሰማም? ጆሮዬ ቢደክምም የሷን ድምፅ አላጣውም።»

«ጓደኛዎ ነበር፣ ክሊፎርድ?»

ሽማግሌው ሲኒውን አዞረ። «ሚስቴ ስትሞት ምግብ የሚያበላኝ እሱ ነበር» አለ። ይህን ሲል አልዋሸም፤ ሄስተርንም ያስከፋት ይኸው ነው።

ሁሉንም ኤዲት ፊት ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል። ብሬንዳ ቆማ፣ ኢምራን ወለሉ ላይ፣ ዊልፍ ወንበር ላይ ሆነው አዳመጧት።

«ክሊፎርድ ጠንቃቃ ሰው ነበር» ብላ ጀመረች። «ሁለት እጁን የሰደደው ጥብጣቡን አምኖ ነው። እሺ፣ ምን ገደለው? አቶ ታተርሳል ሌላ ሰው አስነስቷት ይሆናል ይላሉ። ኢምራን፣ ስትነሳ ምን ትመስላለች?»

«ማራገቢያዎቿ ብቻ ቤቱን ያናውጡታል። አምፖሎቿ ይበራሉ። ዓይነ ስውርም ያውቃታል።»

«እንግዲያው አልተነሳችም፤ ተነስታ ቢሆን ክሊፍ አይጠጋትም። የገደለው ከቀኑ ሥራ የተረፈው ኃይል ነው። ይህ ኃይል ቢረገፍ ኖሮ ትጮህ ነበር። ልጆቹ ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ፤ አልጮኸችም። ለምን? ከሽቦው ሥር ናስትሮ ስለነበረ።»

«ናስትሮውን እኮ ማንም ሊያደርገው ይችላል!» አለች ብሬንዳ። «ዊልፍ ጆሮው ደክሟል። ሳትጮህ ቀርታ ጮኸች መስሎት ይሆናል።»

«እኔም እንደዚያ ቢሉኝ ደስ ባለኝ። ‹አርጅቻለሁ፣ አልሰማሁም፣ ልማዴ ሆኖ አሰርኩ› ቢሉኝ ኖሮ ዛሬ ቤታቸው ያድሩ ነበር። እሳቸው ግን ጮኸች፣ ሰምቻለሁ ነው ያሉኝ። ያልነበረን ጩኸት ሰማሁ የሚል ሰው ለምን እንዳልጮኸች ያውቃል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን ከኢምራን ሳጥን ጥቁሩን ናስትሮ አንስቶ ይገላገል ነበር። ይህ ግን በጥንቃቄ የተጠቀለለ የጥጥ ናስትሮ ነው። ለመግደል እንኳን ኤዲት ላይ ፕላስቲክ ማድረግ ያልሆነለት አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ ታተርሳል፣ ኪስዎን ያሳዩኝ።»

ዊልፍ እጁን ካፖርቱ ውስጥ ከቶ ቡናማውን ጥቅል አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«መስታወት ውስጥ!» አለ። «ገለባ እንደተጠቀጠቀባት የሞተች ጉጉት! ልጆች መጥተው ‹ይሄ ምን ያደርግ ነበር?› ሲሉ በቪዲዮ ሊያሳዩዋቸው! ለመንኩት። አለቀሰ፤ አብረን አለቀስን። ግን ገመዱን እፈታለሁ አለ። እሱ ከሌለ ማንም እንደማይደፍር አሰብኩ። እሷ ትኖራለች ብዬ ነው፣ ልጄ። እኔ ብታሰርም አንድ ሰው ያስነሳታል ብዬ።»

ሄስተር የሰበሰበቻቸው እውነቱን ልታወጣ ነበር፤ አወጣችው፤ እውነቱ ግን ማንንም አላጽናናም። ካቴናውን ስታስር ኢምራን ከወለሉ ተነሳ። በንዴት የሚመታው መስሏት በመሃላቸው ገባች።

«አጎቴ» አለ ኢምራን። «ያደረጉትን ይቅር አልልዎትም። ግን ከመሄድዎ በፊት እንዴት እንደምትነሳ ይንገሩኝ። ለሷ ስል።»

የዊልፍ ዓይን ብርሃን ያዘ። በታሰሩ እጆቹ ማብሪያዎቹን እያመለከተ ፊቷ ቆመ። «መጀመሪያ ማራገቢያዎቹ። ከዚያ ይሄ፣ ቀስ እያልክ። አምፖሎቹ ሲቀሉ ትታገሳለህ፤ ካጣደፍካት ትፈነዳብሃለች። ይቺ መርፌ መሃል ስትደርስ ‹በል› ትላለህ።»

«ለማን?»

«ለክሊፍ ነዋ! እሱ ከኋላዋ ነው የሚቆመው።»

«እሺ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ ምን ያደርጋል?»

ዊልፍ ወደ ማሽኗ፣ ከዚያ ወደ ካቴናው አየ። «እኔ ‹በል› እላለሁ» አለ። «ከዚያ ትነሳለች።»

«አጎቴ፣ እሱ ምን ነበር የሚያደርገው?»

«ጠይቄው አላውቅም» አለ ሽማግሌው። ሄስተር ክንዱን ይዛ አወጣችው።

ኢምራን ከኤዲት ጀርባ ዞረ። ከወለል እስከ ጣራ የተደረደሩ ማብሪያዎች አሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዳቸውም ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ረጅም ጊዜ ሲያያቸው ቆየና አንዱንም ሳይነካ መብራቱን አጥፍቶ ወጣ።