ከልኩ ከፍ ያለ ድምፅ

ልጅቷ «ጆሮዬ» የሚለው የቁልምጫ ስም የእሷ ብቻ ርስት እንደሆነ ታምን ነበር። አባቷ በየአዳራሹ የሙዚቃ ድምፅ የሚያስተካክል ባለሙያ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሁለት ድምፅ ማጉያዎች መካከል አስቀምጦ «እስቲ ጆሮዬ፣ ምን ጎደለ?» ሲላት ኖሯል። ስም ግን እንደ ወንበር ነው፤ ብድግ ያሉ እንደሆነ ሌላ ይቀመጥበታል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ስም ለአክስቷ ልጅ ሲያወርሰው ሰማች።

የአክስቷ ልጅ፣ በቤት ስሟ ቀጮ፣ እናቷ ለሥራ ርቃ ስለሄደች እነሱ ዘንድ ከገባች መንፈቅ አልሞላትም። «ጋሼ፣ የባሱ ጎርናና ድምፅ ዘፋኙን አፈነው» ትላለች፤ አባትየው «ይህችን ልጅ ማን አስተማራት!» እያለ ይደነቃል። ያን ጊዜ ልጅቷ የምትውጠው ምራቅ እሬት እሬት ይላታል።

«ቅዳሜ ለኮንሰርቱ አንዳችሁን እወስዳለሁ፤ ከጎኔ ያለው ወንበር አንድ ነው» አለ አባትየው፣ የሳሎኑን ስቴሪዮ በአንሶላ እየጋረደ። «አንድ ዘፈን በሲዲ፣ በፍላሽና ከስልክ በብሉቱዝ ይጫወታል። ከሁሉ ጥርት ያለውን፣ ሲዲውን የለየች ትሄዳለች።»

ልጅቷ ቀድማ ተፈትና በትክክል መለሰች። ቀጮም በትክክል ከመለሰች ግን ፍርዱ የአባቷ ነው፤ የዳኛው ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ደግሞ አላጣችውም።

«አሁን አንቺ አጫውቺ፤ ቅደም ተከተሉን ራስሽ ምረጪ። እኔም ከቀጮ ጋር ጨፍኜ እገምታለሁ» አላት።

ከአንሶላው ጀርባ ብቻዋን ቆመች። አባቷ ያስተማራት የሙያው ምስጢር ትዝ አላት፦ ጆሮ ጮክ ያለውን ጥራት ያለው እየመሰለው ይታለላል፤ ስለዚህ ከማወዳደር በፊት የሁሉም ድምፅ እኩል ይደረጋል። አባቷ እኩል አድርጎት ነበር። እሷ ግን የስልኩን ድምፅ በአውራ ጣቷ ሁለት እርከን ከፍ አደረገችው፤ ጮኸ ለመባል ሳይሆን ደመቀ ለመባል ያህል ብቻ።

ዘፈኑ ሦስት ጊዜ ተጫወተ።

«ሦስተኛው ነው ሲዲው!» አለች ቀጮ። «እናቴ ትሙት፣ ጊታሩ አፍንጫዬ ስር ነው ያለው!»

«እናትሽን ተያት፣ ሥራ ላይ ናት» ብሎ ሳቀ አባትየው። «ግን እኔም ሦስተኛው ነው የምለው።»

ልጅቷ አንሶላውን ገለጠች። «ሦስተኛው ስልኩ ነው።»

«ተበላሁ!» ብላ ቀጮ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። አባትየው ግን አልሳቀም። ከቀኝ ጆሮው አጠገብ ሁለት ጣቶቹን አፋተገና አዳመጠ፤ ከዚያም ከግራው።

«እኔም ሳትኩ?» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ባለፈው ዘፋኙ ‹ድምፁ ሾለብኝ› ሲለኝ ተቆጥቼው ነበር። ለካ ጆሮዬ ደክሟል። ቅዳሜን ለሌላ ባለሙያ ብሰጠው ይሻላል።»

«እንዴ ጋሼ!» ቀጮ ትራሱን ወረወረችው። «እሷ አለችልዎት አይደል? እሷን ይውሰዷትና በእሷ ጆሮ ይሥሩ።»

አባትየው ቀና ብሎ ልጁን ተመለከታት። «እውነት ነው። እንግዲህ ጆሮዬ አንቺ ነሽ።»

ስትናፍቀው የሰነበተችው ስም ነበር። ወንበሩም የእሷ ሆኗል፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። አባቷ ግን አሁንም ጣቶቹን ጆሮው ሥር እያፋተገ ነበር፤ እንጀራው በዚያ ጆሮ ላይ እንደተንጠለጠለ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«አባዬ» አለች። «ጆሮህ ደህና ነው። ስልኩን ከፍ አድርጌው ነው።»

ቀጮ አፏን ከፍታ ቀረች። አባትየው ጣቶቹን አወረደ።

ልጅቷ ሁለቱም እያዩዋት የስልኩን ድምፅ ሁለት እርከን ዝቅ አደረገች፤ አንሶላውን መልሳ ጋረደችና ዘፈኑን ለቀጮ እንደገና ከመጀመሪያው አጫወተችላት።