የጠራራ ፀሐይ ጎርፍ

ኡመርን ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር ጎትተው ሲያወጡት አራዳ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወንዙ ግን ደፍርሶና ቀልቶ፣ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ እያንከባለለ ይወርዳል። የዚህ አገር ክረምት አመሉ ይኸው ነው። ነፋሱ ከታች በኩል ይነሣና ደመናውን እየነዳ እንጦጦ ላይ ይከምረዋል፤ ዝናቡ እዚያው ተራራው ላይ ይዘረገፋል፤ ታች ያለው ሰው እህሉን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሳለ ጎርፍ ይደርስበታል።

የአራዳ ዘበኞች አለቃ ባሻ ወርቅአፈራሁ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ሟቹ ከወሎ የመጣ ድንጋይ ፈላጭ ነበር፤ ከድልድዩ ከፍ ብሎ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ገደል ሥር ለአራዳ ፎቆች ድንጋይ እየፈለጠ ይኖር የነበረ። መዶሻው አሁንም በጠፍር ከእጁ አንጓ ጋር ታስሯል።

«ጎርፍ መጣ የተባለ ሰው መጀመሪያ ይህን ነው አውልቆ የሚጥለው» አለ ባሻ። «ምስኪን! ለዚህ ሰው ማንም አልነገረውም።»

«ምን ያደርጋል!» አለ ከጎኑ የቆመው ካሣሁን። ሬሳውን ዘሎ ገብቶ ያወጣው እሱ ነው፤ ልብሱ ርሷል፣ ዓይኑ በእንባ ቀልቷል፣ የገዛ ኩታውን አውልቆ ሟቹን አልብሷል። በቅሎ አከራይና የሰፈር ሽማግሌ ነው። «የሺዓለም ብትጮህልን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ!»

ሰዉም «እውነት ነው! እግዜር ይስጥዎ አቶ ካሣሁን!» እያለ መረቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሺዓለም የምትባል ባልቴት ከእሪ በከንቱ ሰፈር በላይኛው ጫፍ፣ ወንዙ ከሩቅ ከሚታይበት ትኖራለች። ጎርፍ ስታይ «ውሃ መጣ!» ብላ ትጮኻለች። እጥፋቱ ጋ፣ ገደሉ አናት ላይ የሚኖረው ካሣሁን ተቀብሎ ገደሉ ሥር ላሉት ያሰማል፤ ገደል ተከልሎ መዶሻ ለሚያንኳኳ ሰው የላይኛው ጩኸት አይደርሰውማ። የሰማ ላልሰማ ያሰማ፤ ደንቡ ይህ ብቻ ነው፤ የስንቱ ነፍስ ግን በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል!

የሺዓለም ጮኼያለሁ አለች። ካሣሁን አልሰማሁም አለ። ታዲያ ማን ይታመናል? ድሃ ባልቴት ወይስ ሽማግሌ? ኡመር ያንኑ ቀን ተቀበረ። በማግስቱ ዳኛው የኡመርን ሚስት ዘይቱናንና የሺዓለምን ነጠላቸውን አስቋጥሮ አቆራኛቸው። ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ እንዲህ ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ ተሰብስቦ የሚመረምርበት የእሁዱ አውጫጭኝ ሌላ ጥፋተኛ ካላወጣ የሺዓለም ደም ትከፍላለች፤ የምትከፍለው ከሌላት ዕድሜዋን በሰንሰለት ትጨርሳለች።

ባሻ ሁለቱን ሴቶች አንድ ድንጋይ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ጮኸሻል?»

«ጉሮሮዬ እስኪደማ ጌታዬ! በሚካኤል! ይኸው ድምፄ ተዘግቶ አይሰሙትም?»

«ለቅሶም ድምፅ ይዘጋል።»

«ይዘጋል» አለች የሺዓለም።

ባሻ ወደ ዘይቱና ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ምን ልበል? በእንቅልፍ ልቧ ‹ውሃ መጣ!› እያለች ትባንናለች። አብሬያት ታስሬ የለ፣ እኔንም ነው የምትቀሰቅሰኝ። ወላሂ፣ ልጥላት እፈልጋለሁ፤ ግን አልሆነልኝም።»

«ባልሽ የተቀየመው ሰው ነበር?»

«ኡመር? ማን ይቀየመዋል! አቶ ካሣሁን ብቻ ‹ገደሉን ከሥር እየቦረቦርክ ቤቴን ለወንዝ ልትሰጠው ነው› እያሉ ይነጫነጩ ነበር። ዳኛም ዘንድ ወስደውት ተረቱ። ታዲያ ዘለው ገብተው ያወጡትም እሳቸው አይደሉ? አላህ ይስጣቸው።»

የሰፈሩ ሐሜት ደግሞ ወደ ቡሽራ ነበር። የኡመር የሥራ ባልደረባ ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ገደሉ ሥር አልነበረም፤ ያን ዕለት ጠዋት ሲጨቃጨቁም ሰው ሰምቷቸዋል። ባሻ ሲጠይቀው አልካደም።

«ተጣልተናል። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ማን ቀድሞ ይስገድ ብለን ነው። ዕቃው እንዳይሰረቅ በየተራ ነው የምንወጣው። እኔ አሸነፍኩ። እኔ ቀደምኩ። ቢያሸንፈኝ ኖሮ እሱ መስጊድ፣ እኔ ጉድጓድ ነበርን።»

ባሻ «ስትወጣ መንገድህ ላይ ማንን አየህ?» አለው።

«ማንንም። የአቶ ካሣሁን በቅሎዎች ገደሉ ሥር ሣር ይግጣሉ። ሌላ ምንም የለም።»

ካሣሁን ባሻን በአክብሮት ተቀበለው። ባሻ ቤቱን ዞሮ አየ። የኋላው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ አጥሩ ግማሹ መሬት ከድቶት ወንዙ ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ሰሜን ቢመለከት ባሕር ዛፍና ገደል እንጂ እንጦጦ ከዚህ ደጅ አይታይም።

«እኔ እንኳ አልፈርድባትም» አለ ካሣሁን በለዘበ ድምፅ። «ነፋሱ ያን ቀን ወደ ላይ ነበር። ብትጮህም ድምጿን መልሶ ወደ ተራራው ወስዶት ይሆናል።»

ይህ አባባል ባሻን አናደደው፤ እውነት ነዋ! ደመናውን እንጦጦ ላይ የሚከምረው ነፋስ ጩኸትንም ወደዚያው ይነዳል። ሴትዮዋን አስጩኾ ቢፈትን ፋይዳ የለውም፤ የዛሬ ነፋስ የዚያን ቀን ነፋስ አይደለም።

«ለመሆኑ በቅሎዎችዎ ተረፉ?» አለ ሲወጣ።

«ተመስገን ነው! ያን ዕለት ከጠዋት ጀምረው ከጋጥ አልወጡም።»

ባሻ እጅ ነሥቶ ወጣና በቀጥታ ገደሉ ሥር ወረደ። ውሃው ጎድሏል። ሁለት ዘበኞች አቁሞ ጎርፉ የከመረውን አሸዋ ሲያስቆፍር ዋለ። ሲመሽበት አራት ችካሎች ከነገመድ ቁራጫቸው በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ።

እሁድ የሰፈሩ ሰው ሾላው ሥር ለአውጫጭኝ ተሰበሰበ። ካሣሁን ከሽማግሎቹ መካከል ተቀምጧል፤ ቡሽራ ለብቻው፤ ሁለቱ ሴቶች እንደተቋጠሩ መሐል ላይ። ሰዉ በየሺዓለም ላይ ያጉረመርማል። ባሻ ጨርቁን እግሩ ሥር አስቀምጦ ተነሣ።

«ይህች ሴት አልጮኸችም ነው የምትሉት። እሺ! አልጮኸች እንበል። እንግዲያስ ታች ያለ ሰው ጎርፍ እንደሚመጣ የሚያውቅበት መላ የለም ማለት ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይ ነው፣ ወንዙ ጎድሏል። አይደለም?»

«ነው!» አሉ።

«አቶ ካሣሁን፣ በቅሎዎቼ ከጠዋት ጀምረው ጋጥ ነበሩ ብለውኛል። ቡሽራ ደግሞ ለስግደት ሲወጣ ገደሉ ሥር ሲግጡ አይቷል።»

«የሱን ቃል ነው የሚያምኑት?» አለ ካሣሁን። «ጓደኛውን ትቶ የወጣውን?»

«አላመንኩትም። ሄጄ ቆፈርኩ እንጂ።» ባሻ ጨርቁን ፈታ። «እነዚህ የበቅሎዎቹ ችካሎች ናቸው። ገመዱን ጎርፍ በጥሶት ቢሆን ጫፉ ይበተን ነበር። ይህ በቢላ የተቆረጠ ነው፤ አራቱም! እናንተ በቅሎ የምታውቁ፣ ሰው በደኅና ቀን በቅሎውን ሲያስገባ ገመዱን ይቆርጣል?»

«ምን ሲባል!» አለ አንድ ሽማግሌ። «ፈትቶ፣ ችካሉን ነቅሎ፣ ጠቅልሎ ነው የሚገባ።»

«መቼ ይቆርጣል?»

«ለመፍታት ጊዜ ሲያጣ።»

አንድ ዘበኛ ከካሣሁን ጋጥ ቦራ በቅሎ እየጎተተ መጣ። ካንገቷ የተንጠለጠለውን ገመድ ባሻ ከአንዱ ቁራጭ ጋር ቢያገጥመው ልክክ አለ።

«እንግዲህ ካሣሁን በጠራራ ፀሐይ፣ እንጦጦ ከማይታይበት ደጅ ተነሥቶ፣ ለመፍታት እንኳ ጊዜ እንደሌለው አወቀ። ማን ነገረው? ነፋሱ ወደ ላይ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ይህች ሴት ነፋሱን ጥሳ አሰማችው። ጉሮሮዋ የደማው ለዚህ ነው። ሰምቶ ወረደ፤ በቅሎዎቹን አዳነ፤ ሰውየውን ግን ተወው። ሬሳውን ያወጣውም ማንም ወደ እሱ እንዳያይ ነው። ቤትህን የሚበላው መዶሻ ዝም ይበል ብለህ ነው አይደል፣ ካሣሁን?»

ካሣሁን «ስንቴ ለመንኩት!» ብሎ ጮኸ። «በየክረምቱ መሬቴ እየተናደ፣ ልጆቼን የት ላስገባ? እኔ አልገደልኩትም! እጄን አላነሣሁበትም! ዝም ነው ያልኩት!»

ዘይቱና ተነሣች፤ ስለተቋጠሩ የሺዓለምም አብራት ተነሣች።

«ገመዱን ስትቆርጥ ኡመሬ አላየህም?»

ካሣሁን ወደ ሽማግሎቹ ዞረ።

«መልስላት!» አለ ባሻ።

«አየኝ። የበቅሎዎቹን ኮቴ ሰምቶ ቀና አለ።»

«ምን አለህ?» አለች ዘይቱና።

«‹ምነው አቶ ካሣሁን፣ በደኅና ነው?› አለኝ።»

«አንተስ?»

«‹በደኅና ነው› አልኩት።»

«ወይኔ ኡመሬ!» አለች ዘይቱና። «አምኖህ ነው እኮ! አምኖህ ነው ወደ ሥራው የተመለሰው!» የሺዓለም ላይ ወደቀች። ባልቴቷ በዚያ በተዘጋ ድምጿ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» እያለች ያዘቻት። ዘበኞቹ ካሣሁንን ይዘው ሲሄዱ ባሻ የሴቶቹን ቋጠሮ ሊፈታ ጎንበስ አለ፤ ጠብቆ አልፈታ ሲለው ዘይቱና ራሷ ፈታችው።