መሪው ላይ የታሰረው ጨርቅ

መርማሪው ሲደርስ ሟቹ ሞካሪ ሹፌር አሁንም መሪውን እንደጨበጠ ነበር። ለጦር ግንባር የታሰበችው የሙከራ መኪና ከፋብሪካው ጀርባ ያለውን ቁልቁለት በፍጥነት ወርዳ የድንጋዩ አጥር ላይ ተጨፍልቃለች፤ ደህና የቀረው አንዱ የፊት መብራት ብቻ ነው። መርማሪው አጎንብሶ ከሥር አየ። የፍሬኑ ዘይት ቱቦ ቦታው ላይ የለም። አልተበጠሰም፤ በመፍቻ ተፈትቶ ወጥቷል።

ፋብሪካውን እንዲቆጣጠር ከሠራዊቱ የተመደበው ሻለቃ ግን ገዳዩን ይዣለሁ ብሎ ጠበቀው። መካኒኩን በካቴና አስሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ዘግቶበታል። መካኒኩ የሟች ሚስት ወንድም ነው፤ ትናንት ሁለቱ በመኪናዋ መዘግየት ሰው ፊት ተጨቃጭቀዋል።

«በጦርነት ጊዜ ይኼ አሻጥር ነው» አለ ሻለቃው። «ማታ ጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ነገ ይረሸናል። እርስዎ ይፈርሙልኝ ብቻ።»

ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» የሚሉት መርማሪ ፈርም ሲባል እጁን ኪሱ የሚከት ሰው ነው። አሁንም ከተተና ወደ እስረኛው ሄደ።

የመካኒኩ ዓይን በልቅሶ አብጧል። ቱቦውን የፈታው እሱ መሆኑን አልካደም። ሲያንጠባጥብ አይቶ ፈታው፤ ሌላ ሊያስቆርጥ ወደ ብየዳ ክፍል ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን መሪው ላይ ጨርቅ አስሯል። የግቢው ደንብ ነው፤ ሥራዋ ያላለቀ መኪና መሪዋ ላይ ጨርቅ ይታሰራል፣ ካሰረው ሰው በቀር ማንም አይፈታውም፣ ጨርቅ ያለባትን መኪና ደግሞ ሹፌር አይነካትም።

«ቀይ ጨርቅ?» አለ መርማሪው።

«ቀዩማ ካለቀ ቆየ። አሁን ሁላችንም ከቤት ያገኘነውን ነው የምናስረው። የኔው ከእህቴ አሮጌ ቀሚስ የቀደድኩት ነው፤ ሰማያዊ፣ ነጭ አበባ ያለው።» በታሰሩት እጆቹ ዓይኑን ጠረገ። «ጌታዬ፣ የሚስቱን ቀሚስ እያየ አያስነሳትም ነበር።»

ጨርቁ ግን የትም አልተገኘም። ሻለቃውና የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ይህን ቃል ጠዋት ሲሰሙ ሻለቃው «ተረት» ብሎት ነበር፤ መሐንዲሱ ተነስቶ ወደ ቢሮው ሄደ።

መሐንዲሱ መርማሪውን ያነጋገረው እርሳስ በምላጭ እየቀረጸ ነው። መኪናዋን የነደፈም፣ የጨርቁን ደንብ ያወጣም እሱ ነው። ከአደጋው በፊት ከቢሮዬ አልወጣሁም፣ አጠገቧም አልደረስኩም አለ። ሻለቃው በበኩሉ ጄኔራሎች ሊጎበኟት ስለነበር ማልዶ አይቷት ኖሯል፤ አቧራ ለብሳለች። ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ መብራቷ ያብረቀርቅ ነበር። ማን እንደወለወለው አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ሰው የሚያብረቀርቀውን ያያል እንጂ ወልዋዩን የት ያያል?

መርማሪው ወደ መኪናዋ ተመልሶ የመብራቱን ጠርዝ ረጅም ሰዓት አየ። ከዚያ ሁሉንም እንዲጠሩለት ጠየቀ።

አስከሬኑ ተነስቷል። ሻለቃው፣ መሐንዲሱ፣ በካቴና የታሰረው መካኒክና ጥቁር የለበሰችው እህቱ መኪናዋን ከበው ቆሙ። መርማሪው ከመብራቱ ጠርዝ በወረንጦ ያወጣውን ቅዳጅ አሳያቸው።

«የኔ ቀሚስ ነው» አለች ሴትየዋ ወዲያው።

«እንግዲያው ጨርቁ ነበረ። ያነሳው ሰው ለመግደል አስቦ ቢሆን ያቃጥለዋል እንጂ መብራት አይወለውልበትም። ምን እንደሆነ አላወቀም ማለት ነው። ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ቀዩ ማለቁን ያውቃል። ይህ ሰው ግን አልሰማም ነበር።»

«እኔም አልሰማሁም ነበር» አለ ሻለቃው ሳያስበው።

«እርስዎ ይወለውላሉ?»

ሻለቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጠርዙ ላይ የጣት ምልክት አለ» አለ መርማሪው። «መካኒክ ቢነካው ቅባት ይተዋል። ይኼ ደረቅ ነው፣ ግራጫ። የእርሳስ ዱቄት ነው።»

ሁሉም ወደ መሐንዲሱ ጣቶች ዞሩ። መሐንዲሱ ሊደብቃቸው ሞከረና ተወው።

«እንግዶቹ መሪው ላይ ጨርቅ እንዳያዩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ምላጩ እጄ ላይ ነበር፤ ቆረጥኩት። ቡትቶ መስሎኝ። እኔ ያወጣሁት ደንብ ቀይ ነው የሚለው።»

«ምን እንደነበር መቼ አወቁ?»

«ይኼ ልጅ ስለ ሰማያዊ ጨርቅ ሲናገር።»

«ከዚያስ?»

ስህተቱን ይቅር የሚል አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ግን ንጹሕ ሰው እስኪረሸን ቁጭ ብሎ እርሳስ መቅረጹን ይህን የማወራው እኔ ይቅር አልልም።

መሐንዲሱ ጨርቁን ከኮቱ ኪስ አወጣ። ቋጠሮው እንዳለ ነበር። ሴትየዋ ተቀበለችው። ሻለቃው ማንንም ሳያይ ካቴናውን ሲከፍት ጨርቁን ለወንድሟ ዘረጋችለት።

«አንተ ነህ ያሰርከው። ፍታው።»

መካኒኩ ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ሥራው አላለቀም እኮ፣ እህቴ» አለ።

ወደ ተጨፈለቀችው መኪና ሄደ። የእህቱ ባል ጨብጦት የሞተውን ጠማማ መሪ በጨርቁ ቀሪ ጫፍ አሰረው።